ከዕቃ ማጠቢያው ውሃ፦ የአግነስ ፖክልስ ሕይወት (1862–1935)

ለዚህ እትም በዓለም የታወቀ የአንድ ሰው ታሪክ ጻፊ ተብዬ ብዙ ቀን አሰብኩበት። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር ጀግኖች ብዙ ተጽፏል፣ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ግን የመረጥኩት ዕቃ ስታጥብ፣ ቤት ስታስተዳድርና በሽተኛ ስታስታምም የኖረች አንዲት ጀርመናዊት ነው። ስሟ አግነስ ፖክልስ ይባላል። በሳይንስ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀች ናት፤ በእኛ ዘንድ ግን ስሟን የሰማ ያለ አይመስለኝም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ ግር እንዳይላችሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። አግነስ እንደኛ የሰው ቤት ሠራተኛ አልነበረችም። ያጠበችው የአባቷን ቤት ዕቃ ነው፣ ያስታመመችውም የገዛ ወላጆቿን ነው። ፓስፖርቷን የቆለፈባት፣ ስልክ የከለከላት ማዳም አልነበረችባትም። ታዲያ ደመወዝም አልነበራትም፣ የዕረፍት ቀንም አልነበራትም። የሷን ኑሮ ከኛ ኑሮ ጋር አንድ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። የማነሣው የሚያገናኘን ነገር ስላለ ነው፤ እሱም ያ ቅባት የጠገበ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ነው።

አግነስ የተወለደችው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1862 በቬኒስ ከተማ ነው። ቬኒስ ዛሬ የጣሊያን ናት፤ ያን ጊዜ ግን በኦስትሪያ ግዛት ሥር ነበረች፣ አባቷም የኦስትሪያ ጦር መኮንን ነበሩ። በዚያ አካባቢ ወባ ነበረና የቤተሰቡን ጤና ክፉኛ ጎዳው። አባትየው በ1871 በሕመም ምክንያት ጡረታ ወጡና ቤተሰቡ ጀርመን ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ብራውንሽቫይግ ከተማ ሄደ። አግነስ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እስክትሞት ድረስም ኑሮዋ በዚያችው ከተማ ነበር።

በከተማይቱ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ገብታ ተማረች። ከትምህርት ሁሉ የወደደችው ፊዚክስን ነው። ግን ትምህርት ቤቱን ስትጨርስ መንገዱ እዚያው ላይ ቆመ። በዚያ ዘመን የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሴት አያስገቡም ነበር። በኋላ መፈቀድ ሲጀምር ደግሞ ወላጆቿ አትሂጂ አሏት። ወላጆቿ በሽተኞች ናቸው፣ እሷ የቤቱ ሴት ልጅ ናት፣ እንግዲህ ማን ይጡራቸው? ይህ ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። ወንድሙ ሲማር እህቱ ቤት የምትቀርበትን ኑሮ ከኛ ውስጥ የማያውቀው የለም።

ወንድሟ ፍሪድሪሽ በሦስት ዓመት ታናሿ ነው። እሱ ተማረ፣ የፊዚክስ ሊቅ ሆነ፣ በሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ዛሬ በሌዘር ሥራ ላይ የሚውል አንድ የብርሃን ሕግ በስሙ ይጠራል። ለእህቱ ያደረገላት ውለታ ግን ከዚህ አያንስም። የተማረባቸውን መጻሕፍትና የሚያገኛቸውን የሳይንስ መጽሔቶች እያመጣ ይሰጣት ነበር። እሷም ከሥራ በተረፈች ሰዓት ታነባለች፣ ሒሳቡንም ብቻዋን እየታገለች ትማራለች። እኔ ይህን ሳነብ አገር ቤት ያሉ ወንድሞቻችን ትዝ አሉኝ። እኛ የምንልከውን ገንዘብ ለትምህርታቸው ይቀበላሉ፤ ከተማሩት ግን ለእህታቸው መልሰው የሚልኩ ስንቶቹ ናቸው?

አሁን ወደ ዕቃ ማጠቢያው እንምጣ። ቅባት የነካው ሳህን ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ በውሃው ገጽ ላይ ይዘረጋል፣ ቀለም ያለው ይመስላል። አንዲት ጠብታ ሳሙና ስናደርግበት ቅባቱ ደንግጦ እንደሚሮጥ ሰው ወደ ዳር ይሸሻል። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እናየዋለን? አይተን ደግሞ ቶሎ እንዲጠፋልን እንፈትጋለን። አግነስ ግን ለምን ብላ ጠየቀች። የውሃው ገጽ ንጹሕ ሲሆንና ቅባት ሲነካው ለምን ጠባዩ ይለያያል? ምን ያህልስ ይለያያል?

ውሃ ገጹ ላይ እንደተወጠረ ቀጭን ቆዳ የመሰለ ጉልበት አለው። ትንንሽ ነፍሳት በውሃ ላይ ሳይሰምጡ የሚሄዱት በዚሁ ነው። ይህን የውሃ ገጽ ውጥረት ይሉታል። አግነስ በ1882 ገደማ፣ ገና በሃያ ዓመቷ፣ ይህን ውጥረት የምትለካበት መሣሪያ በቤቷ ሠራች። መሣሪያው ምን መሰላችሁ? 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የቆርቆሮ ገንዳ ነው። እስከ አፉ ውሃ ትሞላዋለች። በላዩ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው ቀጭን ቆርቆሮ፣ ታችኛው ፊቱ ውሃውን እንዲነካ አድርጋ፣ በአግድም ታስቀምጣለች። ይህን ቆርቆሮ ወዲያና ወዲህ ስታንሸራትተው የውሃው ገጽ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከዚያ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ትንሽ ክብ ነገር ከሚዛን ጋር አያይዛ ውሃውን ታስነካለች። ክቧን ከውሃው ለማላቀቅ ስንት ክብደት እንዳስፈለገ ስትመዝን የገጹ ውጥረት ይታወቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዳችም የላቦራቶሪ ዕቃ የለበትም።

የጽዳቷ ነገር ደግሞ ለኛ ለባለሙያዎቹ ይገባናል። ከመለካቷ በፊት የውሃውን ገጽ በዚያው ቆርቆሮ ጠርጋ ታጸዳዋለች፤ ልክ ጠረጴዛ እንደሚወለወል ማለት ነው። ከሷ በፊት የሠሩ ሊቃውንት በዓይን የማይታይ እድፍ ልኬታቸውን ያበላሽባቸው ነበር። እሷ ግን ንጹሕ የመሰለ ነገር ሁሉ ንጹሕ እንዳልሆነ ታውቃለች። ጣት የነካው ዕቃ እንኳን ቅባት እንደሚተው ከሥራዋ ተምራለች።

ምን አገኘች? ጥቂት ቅባት ውሃው ላይ አድርጋ ገጹን ቀስ በቀስ ስታጠበው መጀመሪያ ውጥረቱ ንቅንቅ አይልም። አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ድንገት መውረድ ይጀምራል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የቅባቱ ቅንጣቶች መጀመሪያ ተበታትነው ነበር፤ ገጹ ሲጠብ ይቀራረቡና ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ፣ ከዚያ በኋላ መገፋፋት ይመጣል። እኛ በዕረፍት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ስንሰበሰብ እንደምንጠባበቀው ነው። ያ ቅንጣቶቹ የሚነካኩበት ነጥብ ዛሬ በስሟ የፖክልስ ነጥብ ይባላል።

ይህን ሁሉ እየመዘገበች ወደ አሥር ዓመት ያህል ቆየች። በአገሯ የሰማት አልነበረም። ከዚያ በ1890 ሎርድ ሬይሊ የሚባሉ ታላቅ የእንግሊዝ ሳይንቲስት በውሃ ላይ ስለሚዘረጋ ዘይት መመራመራቸውን አነበበች። እኚህ ሰው በኋላ በ1904 የኖቤል ሽልማት የተሸለሙ ናቸው። አግነስ በጃንዋሪ 1891 ብዕሯን አንሥታ ደብዳቤ ጻፈችላቸው። ዕድሜዋ 28 ነበር። የጻፈችው በጀርመንኛ ነው። ማንነቷን አላጋነነችም፣ ይቅርታም አላበዛችም፤ የሠራችውን ዕቃ፣ የለካችውን ቁጥርና የደረሰችበትን ነገር ዘርዝራ ላከች።

ሎርድ ሬይሊ ደብዳቤውን ቅርጫት ውስጥ ሊጥሉት ይችሉ ነበር። አልጣሉትም። ባለቤታቸው ወደ እንግሊዝኛ ተረጎሙት፣ እሳቸውም ኔቸር ወደሚባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ልከው ይህቺ ሴት ተራ በሆነ የቤት ዕቃ ትልቅ ውጤት አግኝታለችና እንዲታተምላት ሲሉ ጠየቁ። በማርች 1891 በራሷ ስም ታተመ። ልብ በሉ፣ በራሷ ስም! ሐሳቡን የራሳቸው አድርገው ቢጽፉት ማን ያውቅ ነበር? እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሊቅነታቸው ይልቅ ይህ ሐቀኝነታቸው ነው ያስገረመኝ። ከዚያም በ1892፣ በ1893 እና በ1894 ሌሎች ጽሑፎቿ በዚያው መጽሔት ወጡ።

ታዲያ ከዚህ በኋላ ኑሮዋ ተለወጠ ብላችሁ እንዳታስቡ። የወላጆቿ ሕመም እየባሰ ሄደ፣ የራሷም ጤና ደካማ ነበር። ጊዜዋ በማስታመም አለቀ። ወንድሟ በ1913 ሞተ፤ በእሱ በኩል ይመጣላት የነበረውም መጽሐፍና መጽሔት ቀረ። በማግስቱ ዓመት የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀመረ። ትዳር አልያዘችም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ተቀጥራ አልሠራችም። ሰዎች የሷን ታሪክ ሲናገሩ ወጥ ቤት ውስጥ ሆኖም ትልቅ መሆን ይቻላል ብለው ይጨርሱታል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ በሩ ተከፍቶላት ቢሆን ኖሮ ያቺ ሴት ስንት ነገር ትሠራ ነበር? መቻሏ የከለከሏትን ሰዎች ትክክል አያደርጋቸውም።

በአሜሪካ ኢርቪንግ ላንግሙር የሚባል ሳይንቲስት የሷን ገንዳ አሻሽሎ በ1917 በሰፊው አጠናበት፤ በ1932ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። ገንዳው እስከ ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪ በእሱ ስም ይጠራል። መጀመሪያ የሠራችው ግን አግነስ ናት።

አሁን ይህ ሁሉ ከኛ ሰውነት ጋር ምን እንደሚያገናኘው ልንገራችሁ። ሰውነታችን የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። ትምህርት ቤት እያለን ባዮሎጂ ላይ ዲፊውዥን፣ ኦስሞሲስ እያልን የሸመደድነው ትዝ ይላችኋል? እያንዳንዱ ሕዋስ ዙሪያውን ቀጭን ሽፋን አለው። ያ ሽፋን ከምን እንደተሠራ ለረጅም ጊዜ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። በ1925 ሆላንድ ውስጥ በላይደን ከተማ ጎርተር የሚባል የሕፃናት ሐኪምና ባልደረባው ግሬንደል የሰውን፣ የውሻን፣ የበግን፣ የፍየልን ደም ወሰዱ። ከቀይ የደም ሕዋሶች ቅባቱን አውጥተው በዚያው ዓይነት ገንዳ ውሃ ላይ ዘረጉት። ቅባቱ የሸፈነው ስፋት ከሕዋሶቹ ገጽ ስፋት እጥፍ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ የሕዋስ ሽፋን በሁለት ንጣፍ የተደረበ ቅባት ነው አሉ። ልክ ነበሩ። ውፍረቱ 5 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ፀጉር ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ይቀጥናል። አግነስ ያን ጊዜ የ63 ዓመት ሴት ሆና እዚያው ብራውንሽቫይግ ትኖር ነበር።

እንግዲህ ሕዋሳችን በቅባት የተከበበ ቤት ነው በሉት። የምንተነፍሰው ኦክስጅን በቅባቱ መሐል ሾልኮ ያልፋል። ስኳርና ጨው ግን ከቅባት ጋር አይስማሙም፣ ዝም ብለው ማለፍ አይችሉም። ለነሱ በሽፋኑ ውስጥ ከፕሮቲን የተሠሩ በሮች አሉ። ውሃ ጥቂት ጥቂት ይሾልካል፤ በብዛት የሚያልፈው ግን በራሱ በር ነው። ይህን የውሃ በር ፒተር አግሬ የተባለ አሜሪካዊ በ1992 ለይቶ አሳየ፣ በ2003ም የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። በአንዲት እንዲህ ያለች በር በሴኮንድ ሦስት ቢሊዮን ያህል የውሃ ቅንጣቶች ያልፋሉ።

ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው? ጨው ወይም ስኳር ወደ በዛበት ነው። ለሰላጣ የከተፋችሁት ኪያር ላይ ጨው ነስንሳችሁ ጥቂት ብትተዉት ሳህኑ ውሃ ያቆራል። ውሃው ከየት መጣ? ከኪያሩ ሕዋሶች ውስጥ ጨው ስቦ ያወጣው ነው። ኦስሞሲስ ማለት ይኸው ነው፤ በየቀኑ በእጃችን እንሠራዋለን።

ይህ ዕውቀት ነፍስ አድኗል። ሰው ተቅማጥ ሲይዘው ውሃ ብቻ ቢጠጣ አንጀቱ በደንብ አይቀበልለትም። በአንጀታችን ሕዋሶች ላይ አንድ ልዩ በር አለ፤ ስኳርና ጨው አንድ ላይ ሲመጡ ብቻ ይከፈታል። ሁለቱ ተያይዘው ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ይህን በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ ሳይንቲስት አስረዳ። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ስደተኞች ሕንድ ውስጥ ቦንጋኦን በሚባል ቦታ ታጉረው ኮሌራ ገባባቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባሉ ሐኪም ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጠው በበርሜል አደረጉና ቤተሰብ በኩባያ እንዲያጠጣ አዘዙ። ከመቶ ሠላሳ ያህል ሰው ይሞት የነበረው ወደ አራት ገደማ ወረደ። ዛሬ አገር ቤት ጤና ጣቢያ የሚሰጡን ኦ.አር.ኤስ. ማለት ይኸው ነው።

እዚህ አገር ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ሐኪም ዘንድ መሄድም ለብዙዎቻችን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ይህን ያዙት። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛችሁ ከሁሉ የተሻለው ከፋርማሲ የሚገዛው የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ነው፤ ላዩ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ በጥብጡት። ካጣችሁ ግን ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጉ። ማንኪያው ልክ በልክ ይሁን፣ አይቆለል። ጨው ቢበዛ አደገኛ ነው፤ ስኳርም ቢበዛ እንደዚያ ኪያር ውሃውን ከሰውነት ስቦ ያወጣና ተቅማጡን ያብሳል። ጥቂት በጥቂት ጠጡት። ደም ካለው፣ ሽንት ከጠፋ፣ ሰውነት ከዛለ ወይም የጠጣችሁት ሁሉ ከተመለሰ ግን ይህ አይበቃም፤ ለአሠሪያችሁ ሳትፈሩ ተናገሩና ሆስፒታል ሂዱ።

ወደ አግነስ ልመለስና ልጨርስ። ክብር የመጣላት ዘግይቶ ነው። በ1931 አንሪ ዴቮ ከተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ጋር ሽልማት ተሰጣት። በ1932 ሰባ ዓመት ሲሞላት የብራውንሽቫይግ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። በወጣትነቷ ሴት የማያስገባው የዩኒቨርሲቲ ዓለም በሰባ ዓመቷ ዶክተር አላት። ኖቬምበር 21 ቀን 1935 ዐረፈች። በዚያው ዓመት ዳንየሊና ዴቭሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሕዋስ ሽፋን ቅባቱ ከፕሮቲን ጋር እንዴት እንደተሠራ የሚያስረዳ ሐሳብ አወጡ። ሐሳባቸው በኋላ በሌሎች ተሻሽሏል፤ ቅባቱ ግን እስከ ዛሬ በቦታው አለ።

እህቶቼ፣ ሁላችንም ሳይንቲስት እንሁን አላልኩም። ማታ እግራችን አብጦ ስንተኛ መጽሐፍ ማንሣት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ደብተር ይኑራችሁ። ያያችሁትን፣ የገረማችሁን፣ የለካችሁትን፣ የተከፈላችሁንና ያልተከፈላችሁንም ከነቀኑ ጻፉ። አግነስን ያዳመጧት ቁጥሮቿን መዝግባ ስለያዘች ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የሚያነብላት ሳይኖር መዝግባለች። ደግሞ ከእናንተ መካከል ቋንቋ የምታውቁ እንደዚያች የሎርዱ ባለቤት ለማታውቀው ተርጉሙላት። ብዙ ጊዜ የጎደለን ዕውቀት አይደለም፣ የሚያሻግርልን ሰው ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጤናችሁን ጠብቁ። ቸር ይግጠመን።

እህታችሁ